አደራ በሳተላይት ይጠበቃልን?

ባለፈው ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዱባይ የሚኖር ዘመዳችን ለስምንት ወር ልጃችን የሕፃን ጋሪ ላከልን። ጋሪው ጥሩ ጋሪ ነው። ይታጠፋል፤ ጎማው ወፍራም ነው፤ የፀሐይ መከለያም አለው። ከመቀመጫው ሥር ግን የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር መሣሪያ ተገጥማበታለች። ሲም ካርድ ትጎርሳለች፤ ማታ ማታ እንደ ሞባይል ቻርጅ ትደረጋለች። ከዚያ በኋላ ጋሪው የትም ይሂድ የት፣ እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ስልኬ ውስጥ ባለው ካርታ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ አየዋለሁ። ዘመዳችን ደውሎ «እንግዲህ ሁለታችሁም ሐሳብ ሳይገባችሁ ሥራችሁን ሥሩ» አለን። አላህ ኸይሩን ይክፈለው፤ ኒያው መልካም ነበር። ነገር ግን ያቺ የክብሪት ቀፎ ቤቴ ውስጥ ያመጣችውን ነገር ለአንባቢ ሳላካፍል ማለፍ አልፈለግሁም፤ ጉዳዩ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁና።

በእኛ ከተማ የሕፃን ጋሪ ድሮ ብርቅ ነበር። ገንዘብ ያለውስ ቢሆን በየት በኩል ይገፋዋል? የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ ያለውም ጉድጓድና ድንጋይ በሆነበት ሰፈር ልጅ የሚዞረው በጀርባ ነበር። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ የት እንዳለ ለማወቅ ሳተላይት አያሻም፤ ትንፋሹ ማጅራት ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶች በየቦታው ሲሰፉ ጋሪዎቹም አብረው ወጡ። በሥራ ቀን ጠዋት ልብ ብላችሁ ብታዩ ግን ጋሪውን የሚገፉት አብዛኞቹ እናቶች አይደሉም። እናት ቢሮ ናት፤ አባት ቢሮ ነው። የሚገፉት ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከስልጤ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የእኔም ጭንቀት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያዋ እንዴት እንደምትሠራ ባጭሩ ላስረዳ። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለውን የሳተላይት ሥርዓት የሠራው የአሜሪካ ጦር ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩ ከ24 የማያንሱ ሳተላይቶች ያለማቋረጥ ሰዓታቸውን ይናገራሉ። መሣሪያዋ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብላ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ዘግይቶ እንደደረሳት አስልታ ያለችበትን ቦታ ታውቃለች፤ ያወቀችውንም በሲም ካርዷ በኩል ወደ እኔ ስልክ ትልካለች። ሜዳ ላይ የምትስተው ጥቂት ሜትር ነው፤ ጣሪያ ሥር ወይም በፎቆች መካከል ስትሆን ግን ትዋዥቃለች። ሌላም ዓይነት አለ። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣት፣ ኤርታግ የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ዕቃ ሳተላይት አትሰማም፤ ያለችበትን የሚያሳብቀው በአጠገቧ የሚያልፍ ማንኛውም ሰው የያዘው የዚያው ኩባንያ ስልክ ነው፤ ያውም ሰውየው ሳያውቀው። ኩባንያው ዕቃዋ ለቁልፍና ለሻንጣ እንጂ ለሰው የተሠራች እንዳልሆነች ተናግሮ ነበር። የወላጅ ልብ ይህን ይሰማል? በየአገሩ ወላጆች ከጋሪ ሥር አሰሯት። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ላስ ቬጋስ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የካናዳ ኩባንያ በሞተር ራሱን የሚነዳ ጋሪ አሳይቷል፤ ብቻውን የሚሄደው ግን ሕፃኑ ውስጡ ከሌለ ነው። ባዶ ጋሪ ብቻውን ሲሄድ አስቡት!

ከጁምዓ በኋላ ነገሩን ያጫወትኋቸው ወንድሞች «ይህ የተወኩል ጉድለት ነው፤ ልጁን የሚጠብቀው አላህ ነው» አሉኝ። በዚህ አልስማማም። ግመሌን ልሰር ወይስ ልልቀቀውና በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡትን ምላሽ ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል፤ አስሮ እንዲመካ ነው ያዘዙት። ቲርሚዚ ዘግበውታል። ገመዱ ከቃጫም ይሁን ከሳተላይት ምን ለውጥ አለው? ይህን ክርክር እዚሁ ልዝጋው። ግመል ሲታሰር ግን የሚታሰረው ግመሉ ብቻ ነው። ጋሪ ሲታሰር አብሮ የሚታሰር ሰው አለ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የዝግጅት ክፍል ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ከፈትሁ። ሰማያዊዋ ነጥብ ቤት የለችም። ቤተል ካለው ቤታችን ወጥታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ከማዶ ባለው የቆርቆሮ ቤቶች መንደር ውስጥ ቆማለች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ... አትንቀሳቀስም። በስብሰባው ላይ ምን እንደተወራ ዛሬም አላውቅም። ልደውል አልሁና ተውሁት። ለምን ተውሁት? እውነቱን ልናገር፤ ልይዛት ፈልጌ ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ነጥቧ ወደ ቤት ተመለሰች። ማታ ስገባ ልጁ ደኅና ነው፤ ይስቃል። ሠራተኛችን ከወሎ የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ፈገግ ብዬ «ዛሬ የት ዋላችሁ?» አልኋት። «ቤት ነው የዋልነው ጋሼ፤ በር ላይ ፀሐይ አሙቄው ገባን» አለችኝ።

ዋሸች። እኔም ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ደስ አለኝ። ኋላ ያስደነገጠኝ ያ ደስታ ነው።

ሌሊቱን ስገላበጥ ነገሩ ተገለበጠብኝ። መልሱን የማውቀውን ጥያቄ የጠየቅሁት ለምንድን ነው? ለማወቅ አይደለም፤ አውቄያለሁ። ለመምከርም አይደለም። የጠየቅሁት የውሸት በር ከፍቼ ስትገባበት ለማየት ነው። ታዲያ ከሁለታችን ያጭበረበረው ማን ነው? ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። የሰዎችን ነውር እግር በእግር እየተከታተልን ከሄድን እንደምናበላሻቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስጠነቀቁበት ነው። ይህን ሐዲስ ለብዙ ዓመታት ስለ ገዥዎችና ስለ ሰላዮቻቸው ብቻ የተነገረ አድርጌ እወስደው ነበር፤ በዚሁ መንፈስም ሳልጽፍበት አልቀረሁም። የእኔን ሳሎን ይመለከታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያቺ ልጅ እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ ስትዋሸኝ የያዝኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ወጥመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ታሪክም ትዝ አለኝ። በመጻሕፍት እንደሚተረከው ሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት የሰሙት ድምፅ አጠራጠራቸውና በግድግዳ ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም መጠጥ ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ጥፋት ባጠፋ እርስዎ ሦስት አጥፍተዋል ብሎ ሞገታቸው። አላህ መሰለልን ከልክሎ ሳለ ሰልለዋል፤ በበር መግባት ታዞ ሳለ በግድግዳ መጥተዋል፤ ሳያስፈቅዱም ገብተዋል። ዑመር ትተውት ሄዱ። እሳቸው የሙእሚኖች መሪ ነበሩ፤ ያገኙትም ግልጽ የሆነ ወንጀል ነው። እኔዋ ጥፋቷ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

የባሰው ትዝታ የመጣው ግን ከራሴ ቤተሰብ ነው። የእህቴ ልጅ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ሦስት ዓመት ሕፃን ስትጠብቅ ቆይታ ተመልሳለች። ፓስፖርቷን ማዳሟ ቆልፋበት ነበር። አንድ ቀን ሕፃኑን በጋሪ ይዛ ስትመለስ ዐስር ደረሰባትና በአንድ መስጊድ ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ጋሪውን ከፊቷ አቁማ ሰገደች። ሰላቷን ጨርሳ ሳትነሳ ስልኳ ጮኸ። «ለምን ቆምሽ?» ነው ጥያቄው። ሰው ያየባት መስሏት ዙሪያዋን ብትመለከት ማንም የለም። መሣሪያውን ያገኘችው ከወራት በኋላ ጋሪውን ስታጥብ ነው። ከዚያ ወዲያ ውጭ መስገድ ፈራች፤ ወቅቱ እያለፈባት ቤት ገብታ ቀዷ ታወጣ ነበር። ይህን ስትነግረን እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ «እሷም ሙስሊም ናት?» ብዬ ማዳሚቱን ረገምሁ። ያን ሌሊት ቤተል አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ራሴን ማዳሚቱን ሆኜ አገኘሁት።

ጠዋት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኋት። እሷ በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። «አንተ ዘጠኝ ወር አልተሸከምከውም» አለችኝ። ቀጥላም መልስ ያሳጣኝን ነገር አመጣች። «የሙሳ እናትስ? ልጇን በሣጥን አድርጋ ወንዝ ላይ ስትጥለው በአላህ ቃል ተማምና ነው። ግን እህቱን ተከተይው አላለቻትም? እህቱስ ከሩቅ ሆና፣ ሳያውቁባት አይደለም የተከተለችው?»

እውነቷን ነው። በሱረቱ አል-ቀሶስ የተነገረው እንዲሁ ነው። እመልስልሻለሁ የሚል ቃል ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጣት እናት እንኳ ልቧ ባዶ ሆኖባት ልጅቷን ከኋላው ላከች። በዚህም አልተወቀሰችም። እንዲያውም ሕፃኑ ወደ እናቱ ጡት የተመለሰው በዚያች ከሩቅ በምታይ እህት ሰበብ ነው። የሚከታተሉት ጋሪ ከተባለ የሙሳ (ዐ.ሰ.) ሣጥን ይቀድማል!

ሁለት ቀን አሰብሁበት። የሙሳ እህት በስውር የተከታተለችው ማንን ነው? የፊርዓውንን ቤተ ሰዎች! ወንድ ሕፃናትን የሚያርድን ቤት። ያውም በእግሯ ተጉዛ፣ በዓይኗ እያየች ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ከተደበቀችበት ወጥታ የሚያሳድግላችሁን ቤት ልጠቁማችሁ ብላ ፊት ለፊት ተናገረች። እንግዲህ በፊርዓውን ላይ የተፈቀደውን ነገር፣ ልጄን በእጇ በሰጠኋት፣ ከማዕዴ በምትበላ፣ ከጣሪያዬ ሥር በምትሰግድ እህት ላይ ሳደርገው እሷን ማን አደረግኋት? በፊቅህ አደራ ተቀባይ ታማኝ ነው፤ ጥፋት ካልተገኘበት በስተቀር ቃሉ ይታመናል፤ በእጁ ለጠፋውም ዕቃ ካሳ አይጠየቅም። በግልጽ ተነግሯት ብትስማማ ኖሮ መሣሪያዋ እንደ ደመወዙና እንደ ዕረፍቱ ቀን አንድ የውል ነጥብ ትሆን ነበር፤ ሙስሊም በተስማማበት ይጸናል። የተደበቀ ውል ግን ውል አይደለም። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፤ ግን መሣሪያው አይነሳም» አለች። እኔም ይነሳ አላልሁም። ልጅ የሚሰርቅ ሰው የለም ለማለት የሚደፍር የከተማ ወላጅ አለ?

ብቻ መሣሪያዋን ከሚገባት በላይ አንመናት። የምታውቀው ጋሪው የት እንዳለ ነው፤ ልጁ ውስጡ ይኑር አይኑር፣ ይራብ ይጥገብ አታውቅም። የምትናገረውም ለወላጅ ብቻ ላይሆን ይችላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት ወላጆች ልጆቻቸውን የሚከታተሉባቸውን የእጅ ሰዓቶች ሲያስመረምር፣ በአንዳንዶቹ ባዕድ ሰው ሰርጎ ገብቶ ልጁ ያለበትን ሊያይ እንደሚችል ተደርሶበታል። በዚያው ዓመት ጀርመን በስውር ለማዳመጥ የሚያስችሉትን የልጆች ሰዓቶች ከገበያ ከልክላለች።

በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። አንዲት የዴንማርክ እናት የ14 ወር ልጇን ከነጋሪዋ ከሬስቶራንት ደጅ ትታ ውስጥ በመቀመጧ ታሰረች፤ ልጅቷም ለአራት ቀናት ከእናቷ ተነጥላ ቆየች። በኮፐንሃገን ግን ሕፃን በጋሪው ተኝቶ ደጅ ሲቆይ፣ እናት ውስጥ ቡናዋን መጠጣቷ የተለመደ ነው። ጋሪው ያው ጋሪ ነው። የሚለየው በመንገደኛው ላይ ያለው እምነት ነው። እኛም ይህን እናውቀው ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ከመድረሳ ስዘገይ እናቴ በር ላይ ወጥታ ስሜን መጥራት ይበቃት ነበር፤ ሦስት ጎረቤት ይመልስላታል። ዛሬ በምኖርበት ሕንፃ ላይ ከፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤት ስም ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ሳተላይቱ የመጣው ከዚያ በፊት ነው።

ልጅቷን ያነጋገርናት ሐሙስ ማታ ነው። ጋሪውን ገልብጬ መሣሪያዋን አሳየኋት፤ ስልኬን ከፍቼ ነጥቧን አሳየኋት፤ ማክሰኞ ዕለት የት እንደነበሩ እንደማውቅም ነገርኋት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለካስ አክስቷ ታማባት ልትዘይራት ሄዳ ነው። «አይፈቅዱልኝም ብዬ ፈርቼ ነው» አለች። «ወላሂ ልጁን ከጋሪው አላወረድኩትም።» እኔም አውፍ በይኝ አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ ቀና ሳትል፣ «ካወቁ ታዲያ ጋሼ፣ ለምን የት ዋላችሁ ብለው ጠየቁኝ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። መልስ አልነበረኝም።

መሣሪያዋ አሁንም ከጋሪው ሥር ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ልጅቷ አስፈቅዳ ወደ አክስቷ ትሄዳለች፤ ነጥቧም አስፋልቱን ተሻግራ እዚያው መንደር ውስጥ ትቆማለች። አንዳንድ ጊዜ ከፍቼ አያታለሁ፤ ብዙውን ጊዜ እረሳታለሁ። ማታ ማታ ቻርጅ የምታደርጋት ራሷ ልጅቷ ናት።