ባልና ሚስት በሐኪም ደጅ

በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ማለዳ ለመሳለም የሚመጣ ምእመን፥ ከግንቡ ሥር ነጠላዋን ተከናንባ ለብቻዋ የምትጸልይ ወጣት ሴት ብዙ ጊዜ ያያል። የልቧን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በንስሐ አባት ፊት ከሚቀርቡት ኀዘኖች አንዱ የልጅ ማጣት ኀዘን መሆኑን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። ከጋብቻው በኋላ ሦስት ዓመት፥ አምስት ዓመት አልፏል፤ አማት በየበዓሉ «ምነው ልጄ፥ እስከ ዛሬ ምንም የለም?» እያለች ትጠይቃለች፤ ጎረቤትም ይንሾካሾካል። ጸበሉን የጠጣችው እርሷ፥ ስእለቱን የተሳለችው እርሷ፥ በመጨረሻም ወደ ሐኪም የሄደችው እርሷ ናት። ባልየው ግን እቤቱ ተቀምጦ የሚነገረውን ይጠባበቃል።

እንግዲህ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሊመረመር የሚገባው ማን ነው? ያ የመጀመሪያው ቀንስ ከሁለቱ ምን ይፈልጋል?

ሐኪምን መጠየቅ እምነትን ማጉደል ነው ለሚሉት ረጅም መልስ አያስፈልግም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን አስተምሮ፥ የታመመ ሰው አስቀድሞ እንዲጸልይ፥ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ (ቆላ. 4፥14)። ጸበል የሚጠጣ ሐኪሙን ሊንቅ፥ ሐኪም ዘንድ የሚሄድም ጸበሉን ሊተው አይገባውም። ይህ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለምና እናልፈዋለን።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። «በመጻሕፍት መካን የተባሉት ሣራ፥ ርብቃ፥ ራሔል፥ ሐና፥ ኤልሳቤጥ ናቸው፤ ወንድ መካን ተብሎ የት ተጽፏል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተጽፏል። ኦሪት ዘዳግም 7፥14ን የሚያነብ ሰው፥ ሙሴ ለእስራኤል የበረከትን ተስፋ ሲነግራቸው መካንነትን ከወንዱም ከሴቲቱም እንደሚያርቅላቸው አንድ ላይ መናገሩን ያገኛል። በወንድም ላይ የማይደርስ ነገር ቢሆን ኖሮ ከወንድ ይርቃል ባልተባለ ነበር። የይስሐቅም ነገር አለ። ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ የ40 ዓመት ሰው ነበረ፤ ልጆቹ ሲወለዱ ግን 60 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚህ በ20 ዓመት ውስጥ ሚስቱን ብቻዋን ደጅ እንድትጠና አልሰደዳትም፤ ስለ እርሷ እርሱ ራሱ በእግዚአብሔር ፊት ቆመ እንጂ (ዘፍ. 25፥20-26)። ኢያቄምና ሐናም የእመቤታችንን መወለድ እስኪያዩ ድረስ ኀዘናቸውን የተሸከሙት በአንድነት ነው።

ከካቴድራሉ ወደ ፒያሳ ጥቂት የወረደ ሰው፥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያሠሩትንና ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ጥንታዊ ሆቴል ያገኛል። እቴጌይቱና ዳግማዊ ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋቡ፤ ከዚያ ጋብቻ ግን ልጅ አልተወለደም። ንጉሡ አስቀድሞ ከሌላ የተወለዱ ልጆች ነበሯቸውና፥ እንዲህ ባለ ነገር ዓይን ሁሉ ወደ ሴቲቱ ማዘንበሉ የሰው ልማድ ነው። ምክንያቱን ግን በዚያ ዘመን መርምሮ የሚናገር አልነበረም። ምኒልክም የቁርባን ሚስታቸውን በዚህ ምክንያት አልፈቱም፤ በ1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ትዳሩ ጸንቶ ኖረ፥ በሕመማቸውም ጊዜ ያስታመሟቸው እቴጌይቱ ናቸው። በአራዳ ለሚኖር ባል ይህን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። የዛሬ ሐኪም ቀድሞ ከሌላ የወለደውን ወንድ እንኳ ሳይመረምር አያልፍም፤ ቀድሞ መውለድ ዛሬ ለመውለድ ማረጋገጫ አይደለምና። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከል በግማሽ ያህሉ በወንዱ በኩል ለብቻው ወይም ከሴቲቱ ጋራ የተዳመረ ምክንያት እንደሚገኝ ሐኪሞች ያስተምራሉ። በጉልምስና የያዘ ጆሮ ደግፍ፥ በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ፥ የፍሬው ደም ሥር መወጠር፥ ትምባሆና ብዙ መጠጥ፥ እነዚህ ሁሉ የወንዱን ዘር ሊጎዱ ይችላሉ፤ ሰውየውም በጉልበቱም በመልኩም አንዳች ላይጎድለው ይችላል። በሴቲቱ በኩል ደግሞ የማኅፀን ቱቦ መዘጋት፥ እንቁላል በጊዜው አለመውጣት፥ የማኅፀን ዕጢ ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በዕድሜው ይህ ችግር እንደሚያገኘው አስታውቋል። ከ6 ሰዎች አንዱን የሚነካ ነገር የአንዲት ሴት የኀጢአት ምልክት ነው ማለት፥ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኀጢአት እንደ ሠራ ጌታን የጠየቁትን ሰዎች ስሕተት መድገም ነው (ዮሐ. 9፥2-3)።

አሁን ወደ ሐኪሙ ክፍል እንግባ። በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማእከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ የሚሄዱ ባልና ሚስት በመጀመሪያው ቀን የሚያገኙት ከመሣሪያ ይልቅ ጥያቄ ነው። ከተጋቡ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? የወር አበባ በስንት ቀን ይመጣል? ከዚህ በፊት ፅንስ ነበረ ወይ፥ ተጨናግፎስ ያውቃል? ቀዶ ጥገና፥ የቆየ ሕመም፥ የሚወሰድ መድኃኒት አለ ወይ? ጫት፥ ትምባሆ፥ መጠጥስ? ቀድሞ የተመረመሩበት ወረቀት ካላቸው ይዘው ቢሄዱ ድካምም ገንዘብም ይቀንስላቸዋል። ከዚያ በኋላ የአካል ምርመራ፥ አልትራሳውንድ፥ የሆርሞን የደም ምርመራ፥ የወንዱም ዘር ምርመራ ይታዘዛል። አንዳንዱ የደም ምርመራ የወር አበባ ከጀመረ በ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፥ የቱቦው ራጅ ደግሞ የወር አበባው ካቆመ በኋላ ስለሚደረግ፥ ሁሉ በአንድ ቀን አያልቅም። ስለዚህ በዚያ ቀን መልስ ሳያገኝ የሚመለስ ሰው ተስፋ የተቆረጠበት አይምሰለው። ሴቲቱ ስትመረመር ነርስ ወይም ባልዋ አብረዋት እንዲቆሙ መጠየቅ ትችላለች፤ ይህ ነውር አይደለም።

ለምእመናን ግን ሐኪሙ ራሱ የማያስበው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የጾም ነገር ነው። ሐኪም መካንነት የሚለው ባልና ሚስት 12 ወር ሳይለያዩ ኖረው ፅንስ ሲታጣ ነው፤ ሴቲቱ 35 ዓመት ከሞላት ግን 6 ወር ከሆነ በኋላ እንድትመጣ ይመክራል። የሴት እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከአንድ ቀን አይበልጥም፤ የወንድ ዘር በማኅፀን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በወሩ ውስጥ ፅንስ ሊሆንባቸው የሚችሉት ቀኖች 6 ያህል ብቻ ናቸው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚታቀቡ ባልና ሚስት ሁለት ወር ያህል ይህ ጊዜ ያልፋቸዋል፤ ጾመ ነቢያት፥ ፍልሰታ፥ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ የእነርሱ አንድ ዓመት የሐኪሙ አንድ ዓመት አይደለም። ይህን አፍረው ቢሸሽጉት ሐኪሙ በሐሰት ቍጥር ላይ ተመሥርቶ የማያስፈልግ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የዘር ምርመራም ከ2 እስከ 7 ቀን ከታቀቡ በኋላ የሚደረግ ስለ ሆነ፥ በረጅም ጾም መካከል የተሰጠ ናሙና ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ጾሙን ለሐኪሙ፥ የሐኪሙን ምክር ለንስሐ አባት መናገር ይገባል። ሐዋርያው ስለ ጸሎት መለያየት በሁለቱ ስምምነትና ለጊዜው እንዲሆን ማዘዙን (1ኛ ቆሮ. 7፥5) ካህናት ያውቃሉና፥ እንዴት እንደሚደረግ የሚመክሩ እነርሱ ናቸው። ናሙናው በምን መንገድ እንደሚሰጥ ኅሊናው የሚጨነቅ ባልም አፍሮ ከመቅረት ይልቅ ይጠይቅ፤ በባልና ሚስት መኝታ ዘሩን ሳይጎዳ የሚቀበል ልዩ መያዣ እንዳለ ሐኪሙ ይነግረዋል።

ሌላው ፈተና እውነትን መናገር ነው። ሚስት ከጋብቻ በፊት ያለፈባትን፥ ባልም በወጣትነቱ የያዘውን በሽታ ከትዳር ጓደኛቸው ሸሽገው ኖረው ይሆናል። ሐኪም ሁለቱን አብሮ ከጠየቀ በኋላ ለየብቻ ሊያነጋግራቸው ይችላል፤ ካልጠራቸውም መጠየቅ መብታቸው ነው። ንስሐ የተገባበትን ነገር ለሐኪም መንገር ኀጢአትን እንደ ገና መቀስቀስ አይደለም፤ ቱቦው የተዘጋበትን ምክንያት ማሳየት ነው። ለትዳር ጓደኛ መቼና እንዴት እንደሚነገር ግን ከንስሐ አባት ጋራ የሚመከርበት ነው፤ በዚህ ላይ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቃል አለን ብለን አንደፍርም።

ከሰውነት ውጭ ፅንስ ስለ ማስገኘት፥ ስለሚተርፈው ፅንስና ስለ ሌላ ሰው ዘር የሚነሣው ጥያቄ ትልቅ ነው፤ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። የሁለቱ አንድ ሥጋ መሆን ሦስተኛ ሰው እንደማይጨመርበት ግን ከወዲሁ እንናገራለን። ጥያቄውም ገና በመጀመሪያው ቀን ይነሣ እንላለን፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ ከፈሰሰ በኋላ የኅሊና ድምፅ በቀላሉ አይሰማምና።

ወደ ባልየው እንመለስ። «እኔ ደኅና ነኝ፥ አንቺ ሂጂ» የሚል ባል ሳይመረመር ፈርዷል። ሐዋርያው የሚስት ሥጋ የባልዋ እንደ ሆነ ሲናገር፥ በዚያው ቃል የባልም ሥጋ የሚስቱ እንደ ሆነ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 7፥4)። የእርሷ የሆነውን ሥጋ ከምርመራ የሚከለክል በምን ሥልጣኑ ነው? የዘር ምርመራ እኮ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ቢላዋም መርፌም የለበትም። እርሱ ስላፈረ እርሷ በራጅ፥ በመድኃኒት፥ አንዳንዴም በቀዶ ጥገና ስትደክም ዓመታት ያልፋሉ፤ ዕድሜዋም አይመለስም።

ካህኑ ኤሊ ሐናን በመቅደስ ባያት ጊዜ ሰካራም መስላው ገሠጻት፤ ኀዘንዋን ሲሰማ ግን ቃሉን መልሶ ባረካት (1ኛ ሳሙ. 1፥12-17)። በጊዮርጊስ ቅጽር የምታለቅሰውም ሴት ነገ ወደ አንዱ አባታችን ቀርባ ትናገር ይሆናል። አባታችንም ጸሎቱን ከማድረሱ፥ ጸበሉንም ከማዘዙ ጋራ፥ «ባልሽስ አብሮሽ ሐኪም ዘንድ ሄዷል ወይ?» ብለው ይጠይቋት፤ አልሄደም ካለች፥ በሚቀጥለው እሑድ እርሱን ያስጠሩት።