እንድታርስ ወይስ እንድትታይ?

አሮጌ ዕቃ ማደስ ማለት ምን ማለት ነው? ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። የተሰበረውን መጠገን፣ የጎደለውን መሙላት ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ዳሩ ግን መፍቻ ጨብጦ ዝገት ከበላው ሞተር ፊት የተቀመጠ ሰው፣ ወደደም ጠላም መፈላሰፉ አይቀርለትም። የትኛው ብሎን ይውጣ? የትኛው ይቅር? ሁሉም ወጥቶ በሌላ ከተተካ በኋላስ ታደሰ የሚባለው ምኑ ነው?

የጥንት ግሪኮች በዚህ ነገር ተከራክረውበታል። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎቹም ገሚሱ «ያችው ናት»፣ ገሚሱ «አይደለችም» ይሉ ነበር። በ17ኛው ምእት ዓመት እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን ይበልጥ አከረረው፤ የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መልሶ ቢገጣጥማቸውስ፣ የትኛዋ ናት የቴሴዎስ መርከብ?

ጣና ዳር ለኖረ ሰው ይህ ክርክር ፈገግ ያሰኘዋል። የእኛ ታንኳ የደንገል እስር ናት። ውሃ ትጠጣለች፤ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስባ ፀሐይ ላይ ካልደረቀች ትሰጥማለች፤ ብትደርቅም ከጥቂት ወራት በኋላ ትበሰብሳለች። አንዲቱን ታንኳ ለልጅ ልጅ ላቆይ የሚል ሰው የለም። የሚቆየው አስተሳሰሩ ነው፤ እሱም በወይጦዎች እጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙያ ነው። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና ደንገል አሳጭዶ ወደ ግብፅ በመውሰድ «ራ» የተባለች ጀልባ በቻድ ሐይቅ ሰዎች አሠራ። የመጀመሪያዋ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተፈታች፤ በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። እሷ ዛሬ ኦስሎ ቤተ መዘክር ውስጥ ትጎበኛለች። ውሃ ከነካት ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆናት።

እኔን ወደዚህ ሐሳብ ያስገባችኝ አንዲት የጓሮ ትራክተር ናት። ጎልዶኒ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ ሥራ ነች፤ ሁለት ጎማ፣ ከፊት አንድ ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር፣ ከኋላ ሁለት ረጃጅም እጀታ አላት። አራሹ አይቀመጥባትም፤ በሬ እንደጠመደ ሰው ከኋላዋ ይከተላል። ስለዚህም በቤታችን እጀታዋ «እርፍ» ይባል ነበር። አባቴ በ1964 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ አትክልተኛ ገዝቷት፣ ጥማድ በሬ መዞሪያ በማያገኝበት በማንጎና በፓፓያ መካከል ሲያርስባት ኖረ። እሱ ካረፈ በኋላ ቆርቆሮ ሥር ዓመታት አሳለፈች። አምና ጡረታ ስወጣ ግቢዬ ውስጥ ፈታኋት።

ፍሪሲዮኑ ተጣብቋል፤ ኩሽኔታው ረግፏል፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ሆኗል። (በነገራችን ላይ የጥገና ቋንቋችንን ልብ ብላችሁታል? ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ፣ ቶርኖ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን ትቶ ሄደ፤ መካኒኮቻችንም እንደ ማንኛውም መለዋወጫ አጥበው፣ ሞርደው ለራሳቸው ሥራ ገጠሟቸው። ቃሉ የማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም።)

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ አሮጌ የጓሮ ትራክተር በየቤታቸው የሚያድሱ ሰዎች አሉ፤ የጥንቱን ቀለም አፈላልገው፣ የፋብሪካውን ምልክት በቦታው ለጥፈው፣ ብሎኑ እንኳ የዘመኑ ብሎን እንዲሆን ይጨነቃሉ። እሱም በስልክ፣ «ጋሼ፣ አባባ እንደተዋት አድርጋት፤ ቀዩን ቀለም እንዳትረሳ» አለኝ። መካኒኩ ሙያውን የቀሰመው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተቋቋመው ከባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በወጣ ባለሙያ ሥር ነው። ሞተሩን ገልብጦ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የሚፈልጉት እንድታርስ ነው ወይስ እንድትታይ?» ሲል ጠየቀኝ። ኮሎው ተበልቷል፤ መለዋወጫው አይገኝም። ለውሃ መሳቢያ በየሱቁ የሚሸጠው የቻይና ሞተር ግን በላሜራ ማቀፊያ ሊበየድላት ይችላል።

የወንድሜ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ሟች የተወልንን መለወጥ ሟቹን ራሱን መለወጥ ይመስላል። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዶ የመቅደሱን ግድግዳ የሞላውን ሥዕል ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። አንድ ጎበዝ ሠዓሊ «ደብዝዟል» ብሎ አዲስ ቀለም ቢደርብበት አደሰው እንለዋለን? አጠፋው እንጂ! እዚያ የጥንቱ እጅ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም። ትራክተሯ ግን ከእህቶቿ ጋር በሰልፍ ከፋብሪካ የወጣች ናት፤ ሥራዋም አፈር መገልበጥ ነው። ደግሞስ አባቴ ራሱ በሕይወት ሳለ ጎማዋን፣ ፖምፓዋን፣ የማረሻ ቢላዋዋን ለዋውጧል። ወንድሜ «እንደተዋት» የሚላት የስንት ዓመተ ምሕረቷን ትራክተር ነው?

ሞተሩን አስለወጥሁ። እርፏን ግን አላስነካሁም። የተጣመመ ነው፤ መካኒኩ በግማሽ ሰዓት አዲስ ቱቦ ሊያበጅልኝ ይችል ነበር። ነገር ግን በቀኝ በኩል ብረቱ በአባቴ መዳፍ ብዛት ለስልሷል፤ ያ ልስላሴ ከፋብሪካ አልመጣም። ከኡራ ግድግዳ ጋር ማስተያየቴ የተጋነነ ከመሰላችሁ ይቅር በሉኝ። ቀለሙ አልተቀባም፤ ገንዘቡ ለኩሽኔታ ዋለ። አሮጌውን ሞተር ቁራሌው በኪሎ ሊገዛው መጥቶ ነበር፤ መካኒኩ ቀድሞ የናፍጣ ፖምፓውን ነቅሎ ወሰደው። ፖምፓው ዛሬ ርብ ወንዝ ዳር በአንድ ሽንኩርት አምራች የውሃ መሳቢያ ላይ ይሠራል። ሆብስ ቢሰማ ሦስተኛ መርከብ ይጨምር ነበር።

እስከዚህ ነገሩ የቀና ይመስላል፤ ዕቃ የሚጠበቀው ሥራው ሲቀጥል ነው ካልን ዘንድ። የከበደኝ ሥራው ራሱ ነው። ትራክተሯ ተነሥታ ድምፅዋ በተሰማ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ መጣ። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚለቀውን፣ ባሕር ሸሽ የምንለውን መሬት እንዳርስለት ለመነኝ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ርጥበቱም አይጠፋም። ግን የደንገል ቦታ ነበር፤ አሁንም ጫፉ ላይ ጥቂት ቆሟል። ደንገል ዓሣ የሚራባበት፣ ከላይ የሚመጣው ደለል የሚቀርበት ነው። እሱ ከታረሰ ታንኳ ሠሪው በምን ያስራል? ያ ስንት ዘመን የዘለቀ አስተሳሰር ያለ ደንገል ሙያ ሆኖ ይቆያል? እኔ የአንዱን ሥራ ሳስቀጥል የሌላውን ላቋርጥ ነው። ማዶ፣ ዘጌ፣ ሰዉ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ስለተያዘ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ጫካውና ቡናው እስከ ዘመናችን የደረሰው በዚያ ነው ይባላል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እኔ ባላርሰው ሌላው ያርሰዋል፤ ልጆቼስ በደንገል ይማራሉ?» አለኝ። የልጆቹን ነገር አውቃለሁ፤ አራት ናቸው። የላይኛውን የሽንኩርት መደቡን ያለ ክፍያ አረስሁለት። ከደንገሉ እስከ ሃያ እርምጃ ያለውን ግን በዚህች ትራክተር አይታረስም አልሁት። አልተቆጣም። በሳምንቱ በሬ ተከራይቶ እስከ ደንገሉ ሥር አረሰው። ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ሲደርስም ሽንኩርት ልኮልኛል።