የደረሰ ጉዞና ያልደረሰ ጉዞ

አንድ ሰው ከሕዝብ መካከል ተነሥቶ እግዚአብሔር እንደ ተናገረው በመግለጽ፣ ወገኖቹ ቤታቸውንና እርሻቸውን፣ የአባቶቻቸውንም መቃብር ትተው ወደማያውቁት ምድር እንዲከተሉት በጠየቃቸው ጊዜ፣ የሚሰማው ምእመን ያን ጥሪ በምን ሚዛን ይመዝነው ዘንድ ይገባዋል? ብዙዎች ለዚህ መልስ የሚሹት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ከተመለከተው ከገማልያል ምክር ነው፤ ያ የሕግ መምህር በሸንጎ ተነሥቶ ሐዋርያትን ለማጥፋት የቸኰሉትን ሲያረጋጋ፣ ነገሩ የሰው ፈጠራ እንደ ሆነ ዘመን እንደሚበትነው፣ የአምላክ ፈቃድ እንደ ሆነ ግን ሊያግደው የሚችል ኃይል እንደሌለ አስረዳ፤ ከዚያም ወዲህ የጸናውን ሁሉ እውነት፣ የተበተነውን ሁሉ ሐሰት አድርጎ መቍጠር በአማኞች ዘንድ እንደ ልማድ ሆኖ ኖረ። እኔ ግን ይህ ልማድ የገማልያልን ቃል ላልታሰበለት ነገር ያውለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክሩ የተሰጠው ፈራጁ እጁን እንዲሰበስብ እንጂ ተከታዩ ሕሊናውን እንዲያሳርፍ አይደለምና።

ጥያቄው ለእኛ ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ሰዎች ባዕድ አይደለም። ከሚኤሶ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በሚታየው በአሰቦት ተራራ ላይ የደብረ ወገግ ገዳም አለ፤ የተመሠረተውም ከመምህሩ ዕረፍት በኋላ ወደ ሩቅ አገር በተላከ ደቀ መዝሙር ነው። በመስጊድ የሚሰግደው ጎረቤታችን፣ በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሃይማኖታቸው ከመካ ተሰድደው በአክሱሙ ንጉሥ ጥላ ሥር ያረፉትን ምእመናን የቤተሰቡ ታሪክ ያህል ያውቃቸዋል። በበዴሳ አቅራቢያ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ደግሞ የኢቱ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ተሰብስቦ ሕግ ያወጣበትና ሥልጣን ያረካከበበት ስፍራ ነው። እንግዲህ በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ የሞርሞን ምእመናን ያደረጉትን ስደት የምናነብበት ዓይን ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ ነው። (ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 በቨርሞንት ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። ከመልአክ ተቀበልሁት ያለውን መጽሐፈ ሞርሞንን በ1830 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በኒው ዮርክ ግዛት ቤተ ክርስቲያኑን መሠረተ። ከዚያ በኋላ የዚህ ማኅበር ታሪክ የመባረር ታሪክ ነው፤ ወደ ኦሃዮ፣ ከኦሃዮም ወደ ሚዙሪ ተሻገሩ፤ በሚዙሪ ግን ብዛታቸውና በምርጫ ቀን በአንድ ድምፅ መቆማቸው ጎረቤቶቻቸውን አስፈራ፤ በ1838 የግዛቱ ገዢ ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲወጡ ካልሆነም እንዲጠፉ የሚል ትእዛዝ እስከ መጻፍ ደረሰ። ስደተኞቹ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በኢሊኖይ ናቩ የምትባል ከተማ ሠሩ፤ በዚያም ስሚዝ ነቢይም፣ ከንቲባም፣ የጦር አለቃም ሆኖ ሥልጣንን ሁሉ በአንድ እጁ ጠቀለለ፤ ከአንድ በላይ ሚስት የማግባትንም ትምህርት በምሥጢር አስፋፋ። ይህን የተቃወሙ ወገኖቹ ያወጡትን ጋዜጣ ማተሚያ ባስፈረሰ ጊዜ ተከሶ በካርቴጅ ወህኒ ቤት ታሰረ፤ በሰኔ 27 ቀን 1844 የታጠቁ ሰዎች ወህኒ ቤቱን ሰብረው እርሱንና ወንድሙን ሃይረምን ገደሏቸው።

ሙሴ በናባው ተራራ ከመሞቱ አስቀድሞ በኢያሱ ላይ እጁን ጭኖ ነበር፤ ስሚዝ ግን ማን እንደሚተካው ሁሉ የሚስማማበት ቃል ሳይተው አለፈ። ከአማካሪዎቹ የቀረው ሲድኒ ሪግደን ጠባቂነት ለእኔ ይገባል አለ፤ ጄምስ ስትራንግ የሹመት ደብዳቤ አለኝ ብሎ የራሱን መንጋ ለየ፤ የሟቹ ቤተሰብ ከፊሉ ሥልጣን በዘር ይወርዳል ከሚሉት ጋር ቆየ፤ ብዙው ምእመን ግን በነሐሴ ወር 1844 በናቩ በተደረገው ጉባኤ የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ማኅበር አለቃ የነበረውን ብሪገም ያንግን ተከተለ። ያንግ የተማረ ሰው አልነበረም፤ አናጺና መስኮት ገጣሚ ነበረ፤ ራእይ በማየት ሳይሆን እህልን፣ በሬንና ሰውን በመቍጠር የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ የደብረ ወገግ ታሪክ ትዝ ይለኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካረፉ በኋላ የመጀመሪያው ተተኪ ኤልሳዕ ብዙም ሳይቆይ ተከተላቸውና መንበሩ ለአቡነ ፊልጶስ ደረሰ፤ ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብም የሸዋንና የዙሪያውን አገር ለዐሥራ ሁለት መምህራን አከፋፈለ፤ ከእነዚህ አንዱ ደብረ ወገግን የመሠረተው የወገጉ ሳሙኤል ነው፤ ከዋልድባው ሳሙኤል ጋር ሊምታታ አይገባም። መምህሩ ቢያርፍ መንጋው በዐሥራ ሁለት እጅ መያዙ በሁለቱም ታሪክ አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዳቸው እጅግ ይለያያል። ፊልጶስና ባልንጀሮቹ የተሰደዱት የዘመናቸው ንጉሥ ከአንዲት ሚስት በላይ መያዙንና ከሕግ ውጭ ማግባቱን ፊት ለፊት ስለ ገሠጹ ነበር፤ ፊልጶስ በስደት ዐረፈ፤ አጽሙ ወደ ደብረ ሊባኖስ የተመለሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የናቩ ሰዎች ደግሞ ከተሰደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ አለቆቻቸው ብዙ ሚስቶች ማግባታቸው ነበር። እንግዲህ ስደት በራሱ የጽድቅ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ በአንድ ሕግ በግራም በቀኝም ሰው ይሰደዳልና፣ መከራ የደረሰበት ሁሉ መከራው ስለ ምን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

በየካቲት 1846 የሚሲሲፒ ወንዝ በበረዶ ሳለ ጉዞው ተጀመረ። በሚዙሪ ወንዝ ዳር በከረሙበት ሰፈር በረኃብና በበሽታ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ተቀበሩ፤ በ1847 ያንግ 143 ወንዶች፣ 3 ሴቶችና 2 ሕፃናት ያሉበትን የመሪ ጓድ ይዞ ወጣ፤ በሐምሌ 24 ቀንም እርሱ ራሱ በትኩሳት ታምሞ በሠረገላ ተኝቶ ሶልት ሌክ ሸለቆ ገባ። ቀድመውት የገቡት ወንዙን ገድበው ደረቁን መሬት አጠጥተው ድንች መትከል ጀምረው ነበር። የባቡር ሐዲድ በ1869 በዩታ እስኪገጣጠም ድረስ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው በዚያ መንገድ ተጓዘ፤ ብዙው ከእንግሊዝና ከስካንዲናቪያ የመጣ ድኻ ነበረ፤ ለመጓጓዣውም በ1849 የተቋቋመ የብድር ሣጥን ነበረ፤ የደረሰው ሠርቶ ይከፍላል፣ በከፈለውም ሌላው ይጓዛል። ከተማይቱ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተሰምረውላት ተሠራች። እኛ በጭሮ የምንኖር ከተማ በአንድ ሰው አሳብ ተነድፎ ሲወለድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ በልጅነቱ ወደ ሩስያ ሄዶ ተምሮ የተመለሰው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዢ ሆኖ ይህችኑ ከተማ አሰበ ተፈሪ በሚል ስም ለሌላው አገር አርአያ ትሆን ዘንድ ቈርቍሯታልና። ሁለቱም ከተሞች ከመሠራታቸው በፊት ምድሩ ባለቤት ነበረው፤ እዚያ ሾሾኒና ዩት፣ እዚህ ኢቱ። ምድረ ርስት የሚባለው ሁሉ የሌላ ሰው የትውልድ ምድር የመሆኑን ነገር ከመጽሐፈ ኢያሱ ጀምሮ የስደት ታሪክ ጸሐፊዎች ፈጥነው ያልፉታል፤ ሊያልፉት ግን አይገባም።

አሁን ከዚህ ጉዞ አጠገብ ሌላውን ላቁም። ያንግ ሸለቆው ከገባ ከ15 ዓመት በኋላ በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ አባ ማህሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸው የአባቶቹ ምድር ወደ ሆነችው ኢየሩሳሌም የሚመለስበት ሰዓት እንደ ደረሰ ሰበኩ፤ ከኤውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን ቤተ እስራኤልን ለማጥመቅ በብርቱ የተነሡበት ወቅት ነበርና የብዙዎች ልብ ታውኮ ነበር። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው፣ ባሕረ ኤርትራ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው በትግራይ በኩል ወረዱ፤ ነገር ግን በአክሱም አካባቢ ረኃብና በሽታ በተኗቸው፤ ብዙዎች ሞቱ፣ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፣ የተረፉትም ተመለሱ። በእምነት ጽናት፣ በመሪ መታመን፣ በመከራ መታገሥ ከናቩ ሰዎች የሚያንሱበትን ነገር እኔ አላየሁም። የለያያቸው የሠረገላ ብዛት፣ የስንቅ መጠን፣ አስቀድሞ የተጠና መንገድ፣ በየማረፊያው ለኋለኞች የተዘራ እህል ነው። የገማልያልን ምክር እንደ ልማዱ የሚጠቀም ሰው ብሪገም ያንግን እግዚአብሔር ልኮታል፣ አባ ማህሪን ግን አልላካቸውም ለማለት ይገደዳል፤ ይህም ዕቅድንና እህልን ከነቢይነት ጋር ማደባለቅ ነው። ደግሞስ ፍጻሜው የሚታየው መቼ ነው? በ1984 የእነዚያው ሰዎች ወገኖች ዳግመኛ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ ወደ 4,000 የሚገመቱ በመንገድና በሰፈር አለቁ፤ ወደ 8,000 የሚጠጉት በአይሮፕላን ኢየሩሳሌም ካለችበት ምድር ደረሱ። በ1865 የተቀመጠ ፈራጅና በ1985 የተቀመጠ ፈራጅ ስለ አንድ ጥሪ ሁለት ፍርድ ይሰጣሉ።

ስለዚህ ሚዛኑን ከመድረሻው አንሥቼ በመንገዱ ላይ ማኖር እወዳለሁ፤ መሪው የተቃወመውን ሰው እንዴት ሰማው? በሰልፉ ጅራት ያለውን ደካማ ምን አደረገው? የተሰጠውን መታዘዝስ በማን ላይ አዋለው?

በ1856 በሬና ሠረገላ የሚገዙበት ገንዘብ ያጡ ስደተኞች ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ እየጎተቱ እንዲሻገሩ ታዘዙ፤ ሁለት ጓዶች ዘግይተው በነሐሴ ወር ፍሎረንስ ከምትባል ሰፈር ደረሱ። ሌቪ ሳቬጅ የተባለ፣ አገሩን የሚያውቅ የጓድ ሹም፣ አሁን ብንነሣ ክረምቱ በተራራ ላይ ይደርስብናል፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ያልቃሉ ብሎ እያለቀሰ መከረ፤ አለቆቹ እምነት የጎደለው ነው ብለው ገሠጹት፤ እርሱም ምክሩ ባይሰማ እንኳ ሕዝቡን አልተወም፤ አብሮ ሄደ፣ አብሮ ተራበ። ከ200 በላይ ሰዎች በበረዶ ውስጥ ሞቱ። ያንግ ወሬውን በሰማ ጊዜ በጉባኤ ላይ የነበረውን ሕዝብ ወዲያው ስንቅና ሠረገላ አስይዞ መላኩ ሊመሰገንለት ይገባል፤ ነገር ግን ለእኔ ከዚያ ጉዞ ሁሉ ነቢይ ለመባል የሚቀርበው ሳቬጅ ነው፤ ራእይ አየሁ አላለም፣ የሚያውቀውን እውነት ተናገረ፣ ከተናገረም በኋላ ዋጋውን ከደካሞቹ ጋር ከፈለ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ፣ በመስከረም 11 ቀን 1857፣ በደቡብ ዩታ የሞርሞን ሚሊሺያ አለቆች ከአርካንሳስ የመጡ መንገደኞችን በሰላም እናሳልፋችኋለን ብለው ትጥቅ ካስፈቱ በኋላ ወደ 120 የሚደርሱትን አስፈጇቸው፤ የተረፉት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ከ19 ዓመት በፊት በሚዙሪ የጥፋት ትእዛዝ የተጻፈበት ሕዝብ ትእዛዝ ሲደርሰው አለመጠየቅን በመልመዱ በራሱ እጅ ይህን አደረገ።

የኦዳ ቡልቱም አባቶች ይህን አደጋ በሌላ መንገድ አስበውበታል ብዬ እገምታለሁ። በገዳ ሥርዓት የአባ ገዳ ዘመን ስምንት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብልሁም ጀግናውም ሥልጣኑን ለሚቀጥለው ትውልድ ያስረክባል፤ ሕጉም በሸንጎ ፊት እንደገና ይታያል። ይህ ሥርዓት ሴቶችን ከሸንጎው ማራቁ ጉድለቱ ነው፤ ቢሆንም መሪው ሳይሞት መሪነቱ እንዲያበቃ ማድረጉ፣ በናቩ የሆነው ዓይነት ሽሚያ እንዳይነሣ ታላቅ መከላከያ ነበረ። ብሪገም ያንግ ግን ቤተ ክርስቲያኑን እስከ ሞቱ ዓመት እስከ 1877 መራ፤ በዚያ ረጅም ዘመን የተናገረው ሁሉ የሕግ ክብደት አገኘ፤ በ1852 ጥቁር ሰው ክህነት ሊቀበል አይገባውም ብሎ ያወጀው ቃልም እንዲሁ። ብዙ ሚስት የማግባቱን ሥርዓት አራተኛው መሪ ዊልፎርድ ውድረፍ በ1890 ሲያስቀር፣ የክህነቱ ክልከላ ግን የተነሣው በ1978 ነበር።

ያ ቃል ያረፈባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። በ1847 ከመሪው ጓድ ጋር ከገቡት መካከል ግሪን ፍሌክን ጨምሮ ሦስቱ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ነጻ ሆና የተወለደችው ጄን ማኒንግ ጄምስ ደግሞ በ1843 ከኮኔቲከት ተነሥታ፣ በመርከብ እንዳትሳፈር በተከለከለች ጊዜ ከቤተሰቦቿ ጋር 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ተጉዛ ናቩ ደረሰች፤ በጆሴፍ ስሚዝ ቤት አገለገለች፤ በ1847 መከር ወቅት ወደ ሸለቆው ገባች፤ በቤተ መቅደስ ለምእመናን ሁሉ የሚፈጸመው ሥርዓት ይፈጸምላት ዘንድ ለመሪዎቹ በየጊዜው ለመነች። በ1894 የተሰጣት መልስ፣ ለሚመጣው ዓለም የጆሴፍ ስሚዝ አገልጋይ ሆና እንድትታተም ብቻ ነበር፤ እርሷም ይህ አይበቃኝም ብላ እንደገና ጠየቀች፤ በ1908 እስክትሞትም ድረስ ልመናዋንም ሃይማኖቷንም አልተወችም።