የተማረ ሰው ዕዳ

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን በተሰበሰብንበት ሁሉ የአገራችን የትምህርት ነገር ሲነሣ አንድ አቤቱታ ይደጋገማል፤ «ትምህርታችን ከባዕድ የተቀዳ ስለ ሆነ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ» ይባላል። አባባሉ ከእውነት የራቀ ነው ለማለት አይቻልም፤ መመርመር ግን ያሻዋል። ለመሆኑ ከሌላ መቅዳት በራሱ ነውር ነውን? ነውር ካልሆነስ የጐደለን ምንድን ነው?

አበው ያቆዩልን የአብነት ትምህርት ቤት ራሱ ከልዩ ልዩ ምንጭ የጠጣ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመለሱ፤ ፍትሐ ነገሥት ከዐረብኛ ተተረጐመ። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ የመጣላቸውን እንደ መጣ አልተዉትም። ንባቡን እየፈቱ፣ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን እያበዙ፣ በአማርኛ ለተማሪው አደረሱት። የቅዱስ ያሬድን ዜማና ቅኔውን ጨምረው የራሳቸው አደረጉት። ስለዚህ በዋሸራ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ የተውሶ ትምህርት እንደሚማር ፈጽሞ አይሰማውም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት የመጣው በሌላ መንገድ ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1908 በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ካህናቱ የባዕድ እምነት እንዳይገባ ስለ ሰጉ ንጉሠ ነገሥቱ በሃይማኖት ከሚመስሉን ወገኖች መምህር አስመጥተው ስጋቱን አበረዱት። በ1925 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ፈረንሳይኛም የተማረ ሰው መለያ ሆነ። ጣልያን ከተባረረበት ከ1941 ወዲህ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት የካናዳ ጀስዊቶች ነበሩ፤ ዐፄ ፋሲለደስ ማኅበራቸውን ካባረሩት ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡ፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላም ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ወደ ትምህርት ገበታው ቀረበ። እንግዳው ሁሉ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ገባ፤ የአንዱን «አንድም» ብለን ሳንጨርስ ሌላው ደረሰ።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር የሚመግበው መንደሩ ነው። በወሎ የእስልምና ደረሶችም እንዲሁ በአካባቢያቸው ሕዝብ ቸርነት ይማሩ ነበር። ቁራሽ የሰጠችው ባልቴት ፊደል አትለይም፤ ሆኖም ተማሪው ሊቅ ሲሆን ከሊቅነቱ ድርሻ አላት። እርሱም የማንን እንጀራ እንደ በላ ያውቃል፤ እጇን አይቷልና። እኔም ከቆሎ ተማሪነቴ ያተረፍሁት፣ ከውሻ ንክሻ ጠባሳ ጋር፣ ይህን ዕውቀት ነው።

አዲሱ ትምህርት ቤት ይህን ዝምድና ሰወረው። ደግነቱን አልክድም፤ በ1931 በእቴጌ መነን ስም በተከፈተው ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች በር ከፈተ፤ ሐኪምና መሐንዲስ አወጣ። ነገር ግን እንጀራውን የሚያቀርበው መንግሥት ሆነ። በእኛ ዘመን በዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ ተምረን፣ በልተንና አድረን ስንወጣ፣ ዋጋውን ይከፍል የነበረው የገዛ ልጁን አንደኛ ክፍል እንኳ ማድረስ ያልቻለ ገበሬ ጭምር ነበር። ፊቱን አላየንምና ምስጋናውን ለመንግሥት አቀረብን፤ ከመንግሥት ጋር በተጣላን ጊዜም ዕዳው የተሰረዘ መሰለን።

በስደት ያለን ምሁራን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። «አገሬ አሳደደችኝ፤ ከእንግዲህ ምን አለብኝ?» ያለኝ ወንድም አለ። ቁስሉን አውቀዋለሁና አልተቈጣሁትም። ነገር ግን ያሳደደን ሥልጣን የያዘው እንጂ ቁራሽ የሰጠችን ባልቴት አይደለችም። የአንዱ በደል የሌላይቱን ውለታ አይሽርም።

ታዲያ ዕዳው እንዴት ይከፈል? ባልቴቲቱ አልፋለች። እርሷም ብትሆን የሰጠችው ከተማሪው መልሳ ለመቀበል አልነበረም፤ እርሱ በተራው ለሌላው እንዲያስተምር ነበር። በየደብራችን ፊደል የሚቈጥሩ ልጆቻችን በሳምንቱ ቀናት በሰው አገር ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ለዚያ ሕዝብም ባለ ዕዳዎች መሆናቸውን ልንነግራቸው ይገባል። ነገር ግን ሀ ሁ ስናስቈጥራቸው እኛን ማን እንዳበላን ጨምረን እናውራላቸው። አገር ቤት ላለው ጉባኤ ቤትና ለገጠሩ ትምህርት ቤት የምንልከውንም ምጽዋት ብለን አንጥራው፤ የዕዳ ክፍያ ነውና።