የሀገር ሕግና የስደተኛው ነፍስ



ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ዘመነ ጽጌ እመቤታችን ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 እንደሚተርክልን፣ ቤተሰቡ በሌሊት የወጣው የሕፃኑ ነፍስ ትፈለግ ስለ ነበር ነው፤ ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ደግሞ ወደ ሀገሩ ተመልሷል። ከዚህ አጭር ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ሰው ሕይወቱን ለማዳን ድንበር ቢሻገር ኃጢአት አይሆንበትም፤ የስደትም መልካም ፍጻሜ በሰላም ወደ ቤት መግባት ነው።

ይህን ወቅት እኛ የወሎ ሰዎች የምናስታውስበት ሌላም ምክንያት አለን። በሳውዲ ዐረቢያ ፈቃድ ለሌላቸው የውጭ ሰዎች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ባበቃ ማግሥት፣ ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ታላቅ አሰሳ ተጀመረ። በሪያድ ከተማ መንፉሃ በተባለው ሰፈር የወገኖቻችን ደም ፈሰሰ። በተከታዮቹ ወራትም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም መካከል የወሎ ልጆች ብዙዎች ነበሩ። ብዙው ከወጣበት ድህነት በከፋ ዕዳ ውስጥ ሆኖ ነበር የተመለሰው።

እንግዲህ በአውሮፓም፣ በአሜሪካም፣ በዐረብ ሀገሮችም አጥብቆ የሚጠየቀው ጥያቄ ለእኛ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። መንግሥታት ያለ ፈቃድ በሚገቡ ሰዎች ላይ ሕጋቸውን ሊያጠብቁ ይገባቸዋልን? ወጣቶች ይህን ሲጠይቁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ምን ሊመልስ ይችላል?

በመጀመሪያ፣ መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ መብትም ግዴታም እንዳለው ቤተ ክርስቲያን አትክድም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13 ሥልጣን ለጋራ ጥቅም የተሰጠ አገልግሎት መሆኑን ያስተምራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2241 ሁለቱን ወገን አጣምሮ ይዟል። የበለጸጉ ሀገሮች ኑሮንና ደኅንነትን ፍለጋ የሚመጣውን እንግዳ በተቻላቸው መጠን የመቀበል ግዴታ አለባቸው፤ መንግሥታትም ስለ ጋራ ጥቅም ሲሉ የመግባትን መብት በሕግ ሊወስኑት ይችላሉ፤ እንግዳውም በበኩሉ የተቀበለውን ሀገር ሕግ ሊያከብርና ሸክሙን ሊጋራ ይገባዋል። ስለዚህ ሐሰተኛ ፓስፖርት ማሠራትን፣ ዕድሜን ዋሽቶ ማስመዝገብን፣ ሰውን በገንዘብ ማሻገርን ቤተ ክርስቲያን አትባርክም።

ሁለተኛ ግን፣ ሕግ ከሰው ክብር በላይ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰላም በምድር» በተባለው መልእክታቸው፣ ሰው በቂ ምክንያት ሲኖረው ወደ ሌላ ሀገር ሄዶ የመኖር መብት እንዳለው አስተምረዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እስራኤልን በግብፅ የነበረበትን ስደት እያስታወሰ በመካከሉ የሚቀመጠውን እንግዳ እንደ ራሱ እንዲወድ ያዘዋል። ጌታችንም በማቴዎስ 25 ራሱን ከእንግዳው ጋር አንድ አድርጎ ነግሮናል። ሰው ፈቃድ ሳይዝ በመግባቱ ሊጠየቅ፣ በሥርዓትም ወደ ሀገሩ ሊመለስ ይችላል፤ ሊደበደብ፣ ደመወዙን ሊነጠቅ፣ ሊገደል ግን አይገባም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በጥይት እንደ ገደሉ ገልጿል፤ የሳውዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ማንኛውም መንግሥት ያልታጠቀን መንገደኛ በድንበር ላይ ቢገድል፣ ያ ሕግን ማጥበቅ ሊባል አይችልም፤ በእግዚአብሔር ፊት የሰው ነፍስ ማጥፋት ነው።

አንዳንድ ሰዎች በቅን ልቡና እንዲህ ይላሉ። በሩ ፈጽሞ ቢዘጋ ማንም ተስፋ አድርጎ አይነሣም፤ የማይነሣም በባሕር አይሰጥምም። ይህ ንግግር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን በገዛ ሀገራችን የሆነውን እንመልከት። በዚያው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥታችን የዜጎችን ሥቃይ አይቶ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ የሚደረገውን ጉዞ አገደ። ዕገዳው ለዓመታት ጸና፤ የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት በአውሮፕላን በሕጋዊ መንገድ የመሄጃው በር ተዘጋ፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የሚወስደው መንገድ ግን አልተዘጋም። የደላላውም ገበያ አልቀዘቀዘም። ዕገዳው ከተነሣ በኋላ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ138 ሺህ በላይ ሰዎች በባሕር ወደ የመን ገብተዋል፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ለውጭ ሀገር ሥራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ራሱ፣ ሲወጣ ከሠራተኛው የ8ኛ ክፍል ትምህርት ይጠይቅ ነበር። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ከብት የምትጠብቅ ልጅ በዚያ በር መግባት አልቻለችም፤ ደላላው ግን የክፍል ማስረጃ አይጠይቅም።

ከዚህ የምንረዳው ይህን ነው። ጥብቅ ሕግ ብቻውን ስደትን አያስቀርም፤ ከጎኑ የሚገባበት ሕጋዊ በር ከሌለ ሰውን ወደ በረሃው ይገፋዋል። የሕግ ክንድ መጥበቅ የሚገባው በሰው ነፍስ በሚነግደው ላይ ነው። ሀገራችንም ይህን ተረድታ በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909ን፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እርሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 1178ን አውጥታለች፤ የቅጣቱም ዋና ዒላማ አዘዋዋሪውና አሻጋሪው ነው። እንዲህ ያለው ጥብቅነት ተገቢ ነው። ነገር ግን ደላላው ከሰማይ የወረደ እንግዳ አይደለም። በዕድራችን የሚቀመጥ፣ በለቅሶአችን የሚገኝ፣ በሠርጋችን የሚጠራ ሰው ነው። የምናውቀውን ሰው ዝም ብለን ሕጉን ብንወቅስ ሕሊናችን ይከሰናል።

ሕግ ጥብቅም ርኅሩኅም ሊሆን እንደሚችል ከገዛ ታሪካችን እንማር። በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መጡ። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚያውቀው በዚህ ትውፊት፣ ከመካ የተላኩ ሰዎች ስጦታ ይዘው ስደተኞቹ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን በመጀመሪያ ስደተኞቹን አቅርቦ ቃላቸውን ሰማ፤ ከሰማም በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ንጉሡ የዳኝነት ሥልጣኑን አልተወም፤ ዳኝነቱን በመስማት ጀመረ እንጂ። ዛሬም ማንኛውም መንግሥት ሰውን ከማባረሩ በፊት ይህ ሰው ማን ነው፣ ከምን ሸሸ፣ ብንመልሰው ምን ይደርስበታል ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህን ከሌሎች ስንጠይቅ ራሳችንንም እንመርምር። ኢትዮጵያ ራሷ ከአንድ ሚሊዮን የማያንሱ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ክልላችን ገብተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኛም ልጆቻችንን አዝለን ወጥተናል፤ ሰው ደጁን ሲከፍትልንና ሲዘጋብን ልዩነቱን በሥጋችን አውቀናል። በሪያድ ለልጃችን የምንለምነውን ምሕረት በመንደራችን ለሚያርፈው ባይተዋር ከነፈግን፣ ጸሎታችን ባዶ ይሆናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ለወጣቶች መንገዱን እንዳለ ንገሯቸው፤ አታስፈራሩ፣ አትደብቁም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን ጠረፍ ከሰጠመችው ጀልባ 157 ያህል መንገደኞች የተረፉት ጥቂቶች መሆናቸውን ይስሙ። በየመን ወጣቶች ታግተው ወላጆች በስልክ ማስለቀቂያ ገንዘብ እንደሚጠየቁ ይወቁ። ወላጆችም በሬን ሸጦ፣ መሬትን አከራይቶ፣ በአራጣ ተበድሮ ለደላላ መክፈል ልጅን ለሞት መሸኘት ሊሆን እንደሚችል ይምከሩበት። ከሁሉ ይልቅ ባዶ እጁን የተመለሰውን አታሸማቅቁት። ብዙ ልጆች ዳግመኛ የሚወጡት ከድህነት ይልቅ የጎረቤትን አፍ ሸሽተው ነው። በቁምስናችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ዕዳው ምን ያህል እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ሥራ የሚጀምርበትን መንገድ አብራችሁት ፈልጉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዓለም የስደተኞች ቀን ባስተላለፉት መልእክት እንዳስገነዘቡት፣ ሰው የመሄድ ብቻ ሳይሆን በሀገሩ የመቅረት ነጻነትም አለው። ይህን ነጻነት ከሕግ አውጪዎች ብቻ አንጠብቅ፤ ጥቂቱ በእጃችን ነው።

በሌሊት ሕፃኑንና እናቱን ይዞ የተሰደደው ቅዱስ ዮሴፍ በበረሃና በባሕር ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሕግ አውጪዎች ፍትሕን፣ ለድንበር ጠባቂዎች የሰውን ፊት የሚያይ ዐይን፣ ለእኛም የሚከፈት ደጅ ይለምንልን። በመንገድ የቀሩትን ነፍሳት እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያሳርፍልን። አሜን።