ዕረፍቱ የማን ነበር?

ለመሆኑ ዕረፍት ምንድን ነው? ከሥራ መራቅ ነው ወይስ ከቤት መራቅ? ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው መጽሐፍ ሳገላብጥ አይደለም፤ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ተጋድሜ ቡና ስጠብቅ ነው።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ቤተ ዘመድ ተጠራርተን፣ ገንዘብ አዋጥተን፣ ሐይቁ ዳር አንድ ቤት ለሁለት ሌሊት ተከራየን። ከየካ በአንድ ሚኒባስ ተነሣን። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ቡናማ ነው፤ ነገር ግን ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ከተሜው ልጆቹን ይዞ ያለ ስጋት ይነከርበታል። የየካን ብርድ ለለመደ ሰው የዚያ አሸዋ ሙቀት ብቻውን መድኃኒት ነው።

ሚኒባሱ ላይ የተጫነው ጓዝ ግን ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ጓዝ አይመስልም ነበር። ከሰሉ፣ ምድጃው፣ ድስቱ፣ እንጀራው፣ ረከቦቱ፣ ጀበናው... ወጥ ቤታችንን እንዳለ ነቅለን ነበር የሄድነው። ወጥ ቤቱ ሲሄድ የቤት ሠራተኛችንም ሄደች። «እሷም ትምጣ፤ ሐይቅ አይታ ትረፍ እንጂ» ያልኩት እኔው ነኝ። ደግነት መስሎኝ ነበር።

ልብ ያልኩት በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጅቷ ከመጣን ጀምሮ እግሯን እንኳ ውሃው ውስጥ አልነከረችም። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ የልጆቹን እርጥብ ልብስ ታሰጣለች። እናቴም ከአጠገቧ አልራቀችም። «እማዬ፣ ኧረ አንቺ እንኳ ቁጭ በይ» ብላት፣ «እኔ ቁጭ ካልኩ ያመኛል፤ የማርፈው እናንተ ስትበሉ ሳይ ነው» አለችኝ።

የእናቴ መልስ የዋዛ አይደለም። ሰው ለሚወዳቸው ሲደክም ድካሙ ዕረፍት ሊሆንለት ይችላል። ግን ይህ መልስ የእናቴ ነው። ልጅቷን ማን ጠየቃት? እናቴ «ዛሬስ አልሠራም» ብትል የሚቆጣት የለም። ልጅቷ ብትለውስ? እንግዲህ የዕረፍት መለኪያው ሥራ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን፣ «አልሠራም» ለማለት መቻልና አለመቻል ይመስለኛል።

«ደመወዝ ይከፈላት የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይከፈላታል። ደመወዙ የሚከፈላት ግን ለሥራዋ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ሰጥቻት ዕረፍት ሰጠኋት ብዬ ነበር። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የዕረፍት ልጅ ናት። በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ከብርዳማው እንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተው ስም አወጡለት። ታሪኩን ስናወራ እሳቸውን እናነሣለን፤ ድንኳን የተሸከመውን፣ እንጨት የሰበረውን፣ ወጥ የሠራችውን ግን አናነሣም። እኛም የየካ ሰዎች፣ የእንጦጦ መናፈሻ በ2013 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ፣ አየር ለመቀበል ወደ ተራራው ስንወጣ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው ጎብጠው ከሚወርዱ ሴቶች ጋር ስንተላለፍ ኖረናል። አንዱ ተራራ ለእኛ ማረፊያ፣ ለእነሱ መድከሚያ ነበር።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሰንበትን ሲያዝ የቤቱን ጌታ ብቻ አሳርፎ አይተውም። ሎሌውንና ገረዲቱን፣ በሬውንና አህያውን ሳይቀር ይቆጥራል፤ ምክንያቱንም ጌታው ራሱ በግብፅ ባርያ እንደነበረ በማስታወስ ይናገራል። የእኛ ሕግ ከዚህ ወደ ኋላ ቀርቷል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ሲደነግግ የቤት ሠራተኛን ግን አላቀፈም። ሕጉ ያልደረሰበትን እንግዲህ የሚሞላው ኅሊና ነው።

ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዘንድሮ ቤተ ዘመዱ ዳግመኛ ወደ ሐይቁ ለመሄድ ሲመክር ይህን ተረት ጠቀስኩና፣ ምግቡን እኛው በተራ እንድንሠራ፣ ልጅቷም ከፈለገች በእንግድነት እንድትመጣ፣ ካልፈለገች ደመወዟ ሳይነካ ዘመዶቿን እንድትጠይቅ ሐሳብ አቀረብኩ። አጎቴ ከት ብለው ሣቁ።

«ታዲያ እኛው ከሠራን ምኑን ዕረፍት ሆነ?» አሉ።

ልጅቷ ቡናውን እየቀዳች ነበር። የሚመልስላቸው አልነበረም። እኔም ስኒዬን ተቀበልኳት።