ፈርቶ መደሰት ነውር ነውን?

ሰው የሚወደውን ሁሉ በግልጥ አይናገርም። ስለ አንድ መልካም መጽሐፍ ሲጠየቅ በደስታ የሚያብራራ ሰው፥ ትናንት ማታ ምን ሲመለከት እንዳመሸ ሲጠየቅ ግን ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል። ደሙ ቀለም፥ ጭራቁም ጨርቅ የለበሰ ሰው መሆኑ ከሩቅ በሚታወቅ፥ በጥቂት ገንዘብ በተሠራ አስፈሪ ፊልም ፊት እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ ነበር ማለት ለሹምም ሆነ ለመምህር የሚያኮራ ነገር አይደለምና። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ ይህን የተደበቀ ደስታ አውጥቼ በኅሊና ሚዛን ላይ ላስቀምጠው አሰብሁ። በእውነት ነውር ነውን? ነውርስ ከሆነ ነውሩ ከምኑ ላይ ነው?

በመጀመሪያ ይህን ደስታ ሲኒማ እንዳላመጣው ማወቅ ይገባል። እኔ ያደግሁት ከእንጦጦ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳ ነው። ፀሐይ ገብታ የተራራው ባሕር ዛፍ ሲጠቁር የጅብ ድምፅ ከላይ ይሰማ ነበር። በዚያን ሰዓት አያታችን የጅብና የጭራቅ ተረት ይጀምሩልናል። እኛም በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን፥ ጆሯችንን በእጃችን ደፍነን ሳለን፥ «ከዚያስ፥ እማማ?» እንል ነበር። ጆሮውን የደፈነ ልጅ ስለ ምን ቀጣዩን ይጠይቃል? መልሱ ከበሩ ላይ ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ እሳቱ ይነድዳል፤ ጋቢው ይሞቃል። ጅቡ ከውጭ፥ ተረቱ ከውስጥ ነው። ያው ልጅ በማግሥቱ ሲመሽ ተልኮ እውነተኛውን ጅብ ከመንገድ ቢያገኘው «ከዚያስ?» አይልም፤ ይሮጣል። እንግዲህ ደስ የሚያሰኘን ፍርሃቱ ብቻ ሳይሆን፥ የምንፈራው ነገር ሊነካን አለመቻሉ ነው።

ሲኒማም ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ይኸው ጠባያችን ተቀበለው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በከተማይቱ ከተከፈቱት ፊልም ማሳያዎች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው፤ ጥላ ሲራመድ፥ የሌለ ሰው ሲስቅ የሚታይበት ቤት ነበርና። ስሙ እንዲህ ቢሆንም ሲኒማ ከከተማው አልጠፋም፤ ይልቁንም በዛ። በእኔ ልጅነት ደግሞ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ ጠባብ ክፍል፥ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፥ አንድ ቴሌቪዥን። ከቤት ሳናስፈቅድ ገብተን፥ ሙታን ከመቃብር ሲነሡ አይተን፥ ስንወጣ ማንኛችንም እንዳልፈራን እንፎክር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ጥያቄው ግን ከሲኒማ እጅግ የቀደመ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሌዎንጥዮስ ስለሚባል ሰው ያወሳል። ይህ ሰው ከፒሬዎስ ወደብ ወደ አቴና ሲወጣ፥ ከቅጥሩ ውጭ በሞት የተቀጡ ሰዎች ሬሳ ወድቆ ያያል። ለማየት ይመኛል፤ መመኘቱንም ይጸየፋል። ፊቱን ሸፍኖ ለጥቂት ጊዜ ከራሱ ጋር ይታገላል፤ በመጨረሻም ተሸንፎ ወደ ሬሳዎቹ እየሮጠ የገዛ ዓይኖቹን ይረግማል። የፕላቶን ደቀ መዝሙር አሪስቶትል ግን ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ፥ በአካል ስናያቸው የሚያስጨንቁን ነገሮች፥ ሬሳም ቢሆን፥ ምስላቸው በጥንቃቄ ተሠርቶ ስናየው ደስ እንደሚያሰኘን ይናገራል፤ ምክንያቱም ሰው ከምስል መማርን ስለሚወድ ነው ይላል። አንደኛው የሚከስሰን፥ ሁለተኛው ነጻ የሚያወጣን ይመስላል። ዳሩ ግን ሁለቱ ስለ አንድ ነገር አልተናገሩም። ሌዎንጥዮስ ያየው ሰው ነው፤ አሪስቶትል የተናገረው ስለ ምስል ነው። የነገሩ ቍልፍ በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚህ ላይ የርካሹ ፊልም ጉድለት ወደ በጎነት ይለወጣል። አሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ ከፒትስበርግ ከተማ አጠገብ አዘጋጅቶ በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለ ፊልም የፈጀው ገንዘብ 114 ሺሕ ዶላር ገደማ ብቻ ነው፤ በጥቁርና ነጭ የተነሣ በመሆኑም የቸኮላታ ሽሮፕ በደም ፈንታ አገለገለ። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያይ ሰው እየደነገጠም ቢሆን የሚያየው ምስል መሆኑን አይረሳም። ሆኖም የዚሁ ፊልም መጨረሻ ያሳስባል። ዱዌን ጆንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ የሚጫወተው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ታግሎ ይተርፋል፤ ሲነጋ ግን ሙታኑን ሊያጠፉ የመጡት ሕያዋን ከሩቅ አይተው፥ ሰው መሆኑን ሳያጣሩ ተኩሰው ይገድሉታል። ከሙታኑ ይልቅ አስፈሪው፥ ሰውን አይቶ ሰውነቱን ያላወቀው ዓይን ሆነ።

እኔ ይህን ዓይን በገዛ ፊቴ ላይ አግኝቼዋለሁ። እንጦጦ የጸበል ስፍራ ነው፤ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሕሙማን ይጠመቃሉ። በልጅነቴ አንድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ተራራው ወጥቼ ከጸበሉ ዳር ቆምሁ። የመጣነው ለጸሎት አልነበረም፤ ማታ በቪዲዮ ቤት የሰማነውን የመሰለ ጩኸት በነጻ ለመስማት ነበር። በእኛ ዕድሜ የምትሆን አንዲት ልጅ ውሃው ሲነካት ትጮኽና ትንፈራገጥ ጀመር። እኔም ለማየት እንዲመቸኝ ወደ ፊት ቀረብሁ። እናቲቱ ልጇን በነጠላዋ ጋርዳ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቈጣችም። «ልጄ፥ አይተህ ከጨረስህ ያን ጀሪካን አቀብለኝ» አለችኝ።

ጀሪካኑን አቀበልኋት። ከዚያ በኋላ ግን ቆሜ መመልከት አልቻልሁም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በመጋረጃ ላይ የሚጮኸው ሰው ከእኛ ምንም አይፈልግም፤ ውሃ ብናቀብለው አይጠጣም፥ ብንሮጥ አንደርስለትም። ስለዚህ በፊቱ ተቀምጦ መደንገጥና መሳቅ፥ ጊዜ ከማባከን በቀር፥ የሚያሳፍር በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ያንኑ የተመልካች ዓይን ይዘን ወደ መንገድ ስንወጣ ነው፤ በመንገድ የሚጮኽ ሰው ከእኛ የሚፈልገው ነገር አለና። «ታዲያ ዓይንን ያለማመደው ፊልሙ አይደለምን?» የሚል ቢኖር ፈጽሜ አልክደውም፤ እኔ ወደ ጸበሉ የሄድሁት ከቪዲዮ ቤት ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን ሌዎንጥዮስ ሲኒማ አላየም። ዛሬም መኪና ሲጋጭ የወደቀውን ከማንሣት ይልቅ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸው መንገደኛ፥ የባለጉዳይን እንባ እንደ ትርዒት አይቶ «ነገ ተመለስ» የሚለው ሹም፥ አንድም አስፈሪ ፊልም አይተው አያውቁ ይሆናል።

ስለዚህ መምህር ተማሪውን፥ ወላጅም ልጁን «ምን ስታይ አመሸህ?» ብሎ መጠየቁ መልካም ነው። ከዚህ የሚከብደውን ጥያቄ ግን እያንዳንዳችን ለራሳችን እናቅርብ፤ አይተን ስንጨርስ ምን አቀበልን?